የደረቀው ማህፀን የታለ? «ማህፀን አድራቂው ክኒን» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ያለፈው የገበያ ቀን ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በአክስቷ ተደግፋ ወደ ክፍሌ ገባች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ እጇን ስይዘው ምድጃ ላይ ሲሞቅ የዋለ ይመስላል። ሙቀቷ 39.2። ፅንስ ለማቋረጥ የሚሰጠውን ክኒን ከወሰደች ዘጠኝ ቀኗ፣ ትኩሳቱ ከጀመራት ደግሞ አምስት ቀኗ ነበር። «አምስት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቂ ከረምሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው የዘረጉልኝ አክስቷ ናቸው። «ሲስተር፣ እዚህ ላይ ተጽፏል እኮ! ሐኪም ቤት ከሄደች ይጠርጓታል፣ የተጠረገች ደግሞ አትወልድም ይላል። በቅጠል ነው የሚጸዳው ብሎናል፤ እኛም ቅጠሉን ስናፈላላግ ነው የቆየነው።»

ጽሑፉን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ቁጭ ብዬ ደገምኩት።

ላላነበቡት ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ወሎ ውስጥ ልጅ ያጡ ወጣት ባለትዳሮች በዝተዋል ብለው ይነሱና ጥፋቱን ሁሉ በክኒኑ ላይ ይጥላሉ። ክኒኑ ማህፀን ያደርቃል፤ ከክኒኑ በኋላ ችግር የገጠማት ሴት ከእንግዲህ አትወልድም፤ የወር አበባዋ መዘግየቱ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ሾተላይም ያመጣል፤ መፍትሔው የአገር ቅጠል ነው፤ ሊያገባ ያሰበ ወንድም ሴቲቱን አስቀድሞ ይጠይቅ ይላሉ። እኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሠራሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ፅንስ ማቋረጥ በፈጣሪ ፊት ምንድን ነው የሚለውን ጸሐፊው ከቄሱም ከሼኩም ጋር ይነጋገሩበት፤ እዚያ አልገባም። እኔ የምመልሰው ስለ ማህፀን ለጻፉት ነው፤ እሱን በየቀኑ አየዋለሁና።

«ክኒኑ ማህፀን ያደርቃል።» ለመሆኑ የትኛው ክኒን? ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። መጀመሪያ የሚዋጠው ሚፌፕሪስቶን፣ እርግዝናን ደግፎ የሚያቆየው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ሥራውን እንዳይሠራ ያግደዋል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚወሰደው ሚሶፕሮስቶል ደግሞ ማህፀኑ እየተኮማተረ በውስጡ ያለውን እንዲያስወጣ ያደርጋል። የመጀመሪያው በቀናት፣ ሁለተኛው በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ቱቦ የሚዘጋ፣ ዕንቁላል የሚያመክን ነገር የላቸውም። ጸሐፊው ያላወቁት ነገር ደግሞ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤቷ ለወለደች እናት ደም እንዳይፈስሳት ልጁ እንደተወለደ ሦስት ፍሬ የሚሰጧት ክኒን ይኸው ሚሶፕሮስቶል ነው። እነዚያን እናቶች በሁለትና በሦስት ዓመታቸው ሌላ ልጅ አዝለው ለክትባት ሲመጡ አያቸዋለሁ። የደረቀው ማህፀን የታለ?

ቁጥር ለሚፈልግም አለ። በዴንማርክ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ቀደም ሲል ፅንስ ያቋረጡ ሴቶች ኋላ ያረገዟቸውን 11,814 እርግዝናዎች ተከታትሏል። በክኒን ባቋረጡትና በቀዶ ሕክምና ዘዴ ባቋረጡት መካከል ከማህፀን ውጭ በሚፈጠር እርግዝና፣ በውርጃም ሆነ ያለጊዜው በመውለድ ረገድ ክኒኑን የሚያስከስስ ልዩነት አልተገኘም። እርግጥ ይህ ጥናት የቆጠረው ያረገዙትን እንጂ ማርገዝ ያቃታቸውን አይደለም፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱብኝ እውነት አላቸው። ለዚያ ጥያቄ የእንግሊዝ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ያሉትን ማስረጃዎች መርምሮ ፅንስ ማቋረጥ መካንነትን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም ሲል ለሐኪሞች መመሪያ አውጥቷል። በአግባቡ ስለተደረገው ነው የሚያወራው። በአግባቡ ስላልተደረገውና ስለተወሳሰበው አሁን እመጣለሁ።

ጽሑፉ ብዙ ሰው ያስደነገጠው «አንዴ ከተወሳሰበ አለቀ» በሚለው ቦታ ነው። እውነት ከውሸት ጋር የተፈተለውም እዚያ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልፍታው።

በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሳምንታት ክኒኑን በትክክል ከወሰዱ 100 ሴቶች ከ95 እስከ 98 በሚሆኑት ሁሉም ነገር በራሱ ወጥቶ ያልቃል። በቀሩት ጥቂቶች የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ደም መፍሰሱ አልቆም ይላል። ይህ የተለመደ ነው፤ የሚደረገውም ይታወቃል፤ ወይ ሚሶፕሮስቶል ይደገማል፣ ወይ የቀረው ይወጣል። የቀረው ሲወጣ ግን ሕዝባችን «ተጠረገች» ይላል። ጣጣው ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው። «ጠረጋ» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው የድሮው፣ ጠርዙ ስለታም በሆነ ብረት የማህፀንን ግድግዳ መፋቅ ነው። ብረቱ ጠልቆ ከሄደ፣ በተለይ ከተደጋገመ፣ የማህፀን ግድግዳ እየቆሰለ እርስ በርሱ ሊጣበቅ ይችላል። አሸርማን የተባለ ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. በሰፊው የገለጸው ስለሆነ በሽታው በስሙ ይጠራል። ይህ እውነተኛ የመካንነት ምክንያት ነው፤ አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅትም በብረት መፋቁ ቀርቶ በሌላ ዘዴ እንዲተካ የሚመክረው ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው እኛ ዛሬ የምናደርገው ነው። ስስ የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ላይ ትልቅ ስሪንጅ ይገጠማል፤ በእጅ ይሳባል። ብረት ግድግዳውን አይፍቅም። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ «ጠረጋ» ብለው ጠቅልለው ሴቶቹን ከሁለቱም አስሸሿቸው። ከሸሹ በኋላ ምን ላይ እንደሚወድቁ ደግሞ አልጻፉም።

የሚወድቁት ኢንፌክሽን ላይ ነው። ማህፀን ውስጥ የቀረ ቁራጭ ሲመረቅዝ፣ ወይም ከዚያ በፊት ሳታውቀው በማህፀን በር ላይ የነበረ የአባለዘር በሽታ ወደ ላይ ሲወጣ ቱቦዎቹ ይቆስላሉ። የቆሰለ ቱቦ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ዕንቁላል የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። በስዊድን ሉንድ ከተማ እንዲህ ያለ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን የታመሙ ከ1,800 በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። አንድ ጊዜ ከታመሙት 8 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከታመሙት 20 በመቶ ገደማ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከታመሙት 40 በመቶ ያህሉ ቱቧቸው ተዘግቶ መካን ሆነዋል። እነዚህ ሴቶች ፅንስ ያቋረጡ ሳይሆኑ በአብዛኛው በአባለዘር በሽታ የታመሙ ናቸው፤ የቱቦው ጠባሳ ግን ከየትም መጣ ከየት ሥራው አንድ ነው። እኔን የበለጠ የሚያንገበግበኝ ከዚያው አገር ሴቶች የተገኘው ሌላው ውጤት ነው፦ ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ዘግይተው የታከሙት፣ ቶሎ ከታከሙት ይልቅ ማርገዝ የመቸገራቸው ወይም ከማህፀን ውጭ የማርገዛቸው ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቶ ነበር።

ሦስት ቀን። ያቺ ልጅ በጸሐፊው ምክር አምስት ቀን ተቀምጣለች።

ያን ቀን ያደረግነውን ልናገር። የደም ግፊቷ ደህና ነበር፣ ሆዷም አልጠነከረም። ግሉኮስ ሰክተን በደም ሥሯ የኢንፌክሽን መድኃኒት ጀመርንላት፤ ሆስፒታል ካለ የማህፀን ሐኪም ጋር በስልክ እየተማከርን ከሰዓት በኋላ የቀረውን አወጣን። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የወጣውን በወንፊት አጥቤ፣ በመስታወት ሳህን ውስጥ ውሃ ላይ አንሳፍፌ ብርሃን ፊት ያዝኩት። ሁልጊዜ እንዲህ እናያለን፤ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውሃ ላይ ሲሆን እንደ ተባዘተ ጥጥ ይዘረጋል፤ የረጋ ደም ግን እንዲያ አይሆንም። አውራ ጣቴን የማታክል ነበረች። አክስቷ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ይቺ ናት እንዲህ ያነደደቻት?» አሉኝ። ይቺው ናት። በማግስቱ ጠዋት ሙቀቷ 37.1 ነበር፤ አጥሚት ጠጣች።

ወደ ወር አበባው ልለፍ፤ አጭር ነው። ጸሐፊው ሁለት ወር የዘገየ የወር አበባ «ማህፀኑ ለመሞቱ ምልክት» ነው ይላሉ። ከክኒኑ በኋላ የወር አበባ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመለሳል፤ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ጊዜያት ቢዛቡ አያስደንቅም። ዕንቁላል ግን የወር አበባን አይጠብቅም። በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ሊወጣ ይችላል፤ በብዙዎቹ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ በእኔ ክፍል በተደጋጋሚ የማየው ጸሐፊው ከጻፉት ተቃራኒውን ነው፤ «እኔማ ደርቄያለሁ» ብላ የወሊድ መከላከያውን፣ መርፌውንም ሉፑንም በክንድ የሚቀበረውንም የተወች ሴት በሦስተኛው ወር አርግዛ ትመጣለች። አንዷን አልትራሳውንድ ላይ የልጁን ልብ ሳሳያት «ሲስተር፣ ጽሑፉ ታዲያ ዋሸ ማለት ነው?» ብላኛለች፤ ይህ ጽሑፍ ሳይሆን ሌላ፣ የዚሁ ዘመድ ነበር። የወር አበባው ከሁለት ወር በላይ ሳይመጣ ከቀረ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ። እርግዝና ከሌለና ደሙ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም በየወሩ ቁርጠቱ መጥቶ ደሙ ጠብታ ብቻ ከሆነ ግን የማህፀን ሐኪም ይያት፤ መጣበቅ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ይላቀቃል።

ሾተላይን በተመለከተ ጸሐፊው ከአያቶቻችን የባሰ ስህተት ሠርተዋል። አያቶቻችን ሾተላይ ሕፃን የሚበላ መንፈስ ነው ይሉ ነበር፤ ስለ ደም ዓይነት የሚያውቁበት መንገድ ስላልነበራቸው ይቅር ይባላሉ። ዛሬ ሾተላይ የምንለው የእናትየዋ ደም አርኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ አለመጣጣም ነው። የእናት ሰውነት የልጁን ደም ካወቀው በኋላ ለሚቀጥለው ልጅ ጦር ይሰብቃል። ደሞቹ የሚገናኙት በወሊድም፣ ራሱ በሚመጣ ውርጃም፣ በገፋ እርግዝና ላይ በሚደረግ ፅንስ ማቋረጥም ነው። ክኒን ሾተላይን አይፈጥርም፤ የደም ዓይነቷን የፈጠረው ወላጆቿ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ12 ሳምንት በታች ለሆነ እርግዝና የሾተላይ መርፌ እንዲሰጥ አይመክርም፤ ከዚያ ከገፋ ግን ያስፈልጋል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። እንግዲህ ለሴቷ የሚጠቅማት ምክር የደም ዓይነትሽን አስመርምሪ የሚለው ነበር። ጸሐፊው ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ቦታ አልቀራቸውም መሰለኝ።

ቅጠሉ ጋ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። «ማህፀን ያጸዳል» ብለው ከዘረዘሩት ውስጥ አንዱ እንዶድ ነው። እንዶድ የኔም እናት ነጠላዋን ታጥብበት ነበር፤ አረፋው ይወደዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ያስተዋሉት ነገር ደግሞ በዓለም ታወቀ፤ የእንዶድ አረፋ የወረደበት ውሃ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ነገር ነው እንግዲህ ትኩሳት ለያዛት፣ ማህፀኗ ቁስል ለሆነ ልጅ በባዶ ሆዷ ጠጪ የሚሏት። የአገር መድኃኒትን አልንቅም፤ ዳማከሴ ቤቴ አጥር ላይ አለ። ነገር ግን የመረቀዘ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ በቅጠል ሲወጣ በአሥራ አራት ዓመቴ አንድም ቀን አላየሁም። እንዶድ የጠጡ ሴቶች ሲያስመልሱ፣ ሲያስቀምጡና ራሳቸውን ሲስቱ ግን አይቻለሁ።

ለወንዶች የሰጡት ምክር ይቀራል። «ሊያገባ ያሰበ አስቀድሞ ይጠይቅ።»

አንድ ሰው ከኮምቦልቻ ብቻውን መጣ። ሁለት ዓመት በትዳር ኖረዋል፣ ልጅ የለም። ሚስቱ ተማሪ ሳለች ክኒን መውሰዷን አምናው ነግራዋለች። የባል እህት ይህንኑ ጽሑፍ ላከችለት። «ሲስተር፣ እንዲህ ያደረገች ሴት ትወልዳለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንተስ ተመርምረሃል?» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ንዴት ነበረበት። ልጅ ካጡ ባለትዳሮች መካከል በግማሽ ያህሉ የወንዱም ችግር እንዳለበት፣ ምርመራው ደግሞ ሦስት ወይም አራት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ በትንሽ ብልቃጥ ዘር መስጠት ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ሁለት ሳምንት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ውጤቱን አጣጥፎ በሸሚዙ ኪስ ይዞት ነበር፤ የዘር ፍሬው ቁጥር በጣም ዝቅተኛ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት፣ የዘር ከረጢቱም አብጦ አንድ ሳምንት ተኝቶ እንደነበር ያኔ ትዝ አለው። የሚስቱ ቱቦዎች በራጅ ታይተው ክፍት ናቸው። ታሪኩን ያለ ስም እንድጽፈው የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው፤ «ለእህቴም ትድረሳት» ብሏል።

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ስለት ተስለው የሚወጡ፣ በመውሊድ ጀማ ንጉሥ ዱዓ የሚያስደርጉ ልጅ ያጡ ሴቶችን አውቃለሁ። ይውጡ፣ ያስደርጉ፤ እኔም አሜን እላለሁ። ግን እሷ ዳገቱን ስትወጣ እሱ ላቦራቶሪ ድረስ እንኳ አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል፤ ክኒን ወስዳ የማታውቅ ሴትም፣ ወንድም ጭምር። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ አብረው ኖረው ካልተረገዘ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ከሆነ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይመርመሩ። ከዚያ በፊት «መካን» የሚባል ሰው የለም። የጸሐፊው ምክር የሚያተርፈው ሴቶች ታሪካቸውን እንዲደብቁ ብቻ ነው፤ ከባል ቢደበቅ የትዳሩ ጉዳይ ነው፤ ከእኔ ሲደበቅ ግን በምጥ ሰዓት ደም ሲፈስስ ምክንያቱን ፍለጋ ደቂቃ ይባክናል።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፤ ልነፍጋቸው አልፈልግም። ክኒኑ ያለ ምርመራ፣ ያለ ምክር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እጅ በእጅ ይሸጣል ያሉት እውነት ነው። ስንተኛ ሳምንት እንደሆነች ያልታየች ሴት መጠኑን ትስታለች። ከማህፀን ውጭ ያረገዘች ከሆነች ደግሞ ክኒኑ ምንም አያደርግላትም፤ ደሙን ስታይ አለቀ ብላ ቱቦው እስኪፈነዳ ድረስ ትተኛለች። ግን ይህ ሁሉ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ ለማለት የሚበቃ ምክንያት ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ማርገዝ፣ የእናት ወይም የፅንስ ሕይወት፣ ወይም የእናት ጤና አደጋ ላይ መውደቅ፣ የማይድን ከባድ የፅንስ ጉድለት፣ ለአካለ መጠን አለመድረስ ወይም የአካልና የአእምሮ ጉዳት ልጅ ለማሳደግ የማያስችል መሆኑ። የተደፈረች ሴት ቃሏ ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ አትባልም። ተወሳስቦባት የመጣችን ሴት ደግሞ ክኒኑን የትም ታግኘው የት ማከም ግዴታችን ነው። ከየት አመጣሽው ብለን በር ላይ አንመልስም።

በአንድ ሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም ሁለት ሰዓት ከዘለቀ፣ ትኩሳት ሚሶፕሮስቶል ከተወሰደ 24 ሰዓት አልፎት ከቀጠለ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወረደ፣ ማስታገሻ የማይበግረው የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ወይም በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመምና ራስ ማዞር ካለ፣ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ። እነዚህን ጽሑፉ ውስጥ ብፈልግ አንዳቸውንም አጣሁ።

ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት ለክትትል መጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። «ሲስተር፣ እወልዳለሁ?» አለችኝ። እንደምትወልድ መማል አልችልም፤ ለማንም ሴት ምዬ አላውቅም። ማህፀኗ በአልትራሳውንድ ንጹሕ መሆኑን፣ ትኩሳቱም ቶሎ መውረዱን፣ ዕድሏ ሰፊ መሆኑን፣ አምስቱ ቀን ባይባክን ደግሞ የበለጠ ይሰፋ እንደነበር ነገርኳት። ለሦስት ዓመት በክንዷ የሚቀበረውን መረጠች።

አክስቷ በር ላይ ቆመው ስልካቸውን አቀበሉኝ። «ያን ነገር አጥፊልኝ፤ እኔ አልችልበትም።» ሳጠፋው ጽሑፉን ለሦስት ሰው እንዳስተላለፉት አየሁ። ሁለቱ የጎረቤት ልጆች፣ አንዷ ሐይቅ ያለች የእህታቸው ልጅ ናት። እዚያው ቆመን ለሦስቱም ደወልንላቸው። ሐይቅ ያለችው አላነሳችም።